ሁለተኛው ሳህን

ንጋቷ ፎቶ ማንሻዋን የሠራችው ጣሊያኖች ከጣሉት የጥይት ሳጥን ነው። የዓይኑን መስታወት ብቻ ከአንድ አርመን ነጋዴ ገዛችው። ጨለማ ክፍል አያስፈልጋትም፤ ሳጥኑ ራሱ ጨለማ ነው። በጎኑ በተሰፋው ጥቁር እጅጌ ክንዷን ታስገባና ወረቀቱን በዳበሳ፣ መጀመሪያ ምስሉን በሚያወጣው ሳህን፣ ቀጥሎ ብርሃን እንዳያጠቁረው ምስሉን በሚያጸናው ሳህን ትነክረዋለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

የጣሊያኑ ሹም የከተማው ወንድ ሁሉ ፎቶ እንዲነሳ አዘዘ። ፎቶዎቹ ደብረ ሲና ላለ ባንዳ ይላካሉ፤ ባንዳው ደግሞ የአርበኞቹን መልክ ለይቶ ያውቃል።

ከተሰለፉት መሀል ወንድሟ ደምመላሽ ብቅ አለ። አንኮበር ካሉት አርበኞች ተልኮ፣ በርበሬ ነጋዴ መስሎ የጦሩን ሁኔታ ሲሰልል ከርሟል። የታመመች እናቱን እንዳያስፈጃት ብሎ ደጃፏን እንኳ አልረገጠም። ፎቶው ባንዳው እጅ ከገባ መሰቀሉ ነው።

«ቀና ይበሉ እንጂ፣ ነጋዴው!» አለችው። ወንድሟን አንቱ ስትል ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

መጀመሪያ የሚወጣው ምስል ግልብጥ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል። ዋናው ፎቶ የሚነሳው ከእሱ ላይ ነው። ግልብጡን በሁለቱም ሳህን ነክራ ሸሸገችው። ለሹሙ የሚሰጠውን ግን ሁለተኛውን ሳህን አዝልላ ውሃ ብቻ አስነካችው። የእሱ ብቻ ቢበላሽ ያስጠረጥራልና የሁሉንም እንደዚያው አደረገች፤ የሌሎቹን ግልብጥ ቀድዳ ጣለች። እጅጌ ውስጥ ያለ እጅ የሚሠራውን ማን ያያል!

«አቧራ እንዳይነካቸው ቶሎ ፖስታ ውስጥ ይክተቷቸው» አለችው ሹሙን።

ባንዳው ፖስታውን ፀሐይ ላይ ሲከፍት ፎቶዎቹ አንድ ሳይቀሩ ጠቆሩ። ሹሙ እየደነፋ መጣ።

«የፎቶው መድኃኒት ተበላሽቷል፤ ያመጣችሁልኝ እናንተው ናችሁ» አለችው በአስተርጓሚ። «ካላመኑ ይቀመጡ፣ እርስዎን ላንሳዎት።»

ተቀመጠ። ፎቶውን ፀሐይ ላይ ይዞ ሲኮፈስ፣ የገዛ ፊቱ እያየው ጠቆረ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ አንስቶ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። ሌላ መድኃኒት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ደምመላሽ የልቡን አድርሶ አንኮበር ገባ።

ንጋቷ ያኔ ግልብጡን ለእናቷ ሰጠቻት። ደምመላሽ ፊቱ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር ሆኖ ይስቃል።

«ምነው ልጄን ጣሊያን አደረግሽብኝ!» አለች እናትየው። ንጋቷ በሳቅ ፈረሰች። እናትየው ግን ምስሉን ወደ ዓይኗ አስጠግታ በጣቷ ጉንጩን ዳበሰች።

«ከስቷል» አለች።