የአድሚራሉ ዓሣ አሳይ መነጽር

ጎረቤቴ በያጅ ነው፤ ሰፈሩ ግን "አድሚራል" ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከትርፍራፊ ላሜራ በገዛ እጁ ጀልባ በይዶ ግቢው ውስጥ ያቆማት ጊዜ ነው። ሰዎቹ የቀለዱ መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን ስሙን እንደ ካፖርት ለበሰው፤ ይኸው እስካሁን አላወለቀውም። ጀልባዋ ግቢውን ስለሞላችው ሚስቱ ልብስ የምታሰጣው በጎን እየተሽሎከለከች ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማሽኔ መስኮቱ ሥር ስለሆነ እዚያ ግቢ የሚሆነው ነገር አያመልጠኝም። ነገረኛ ሆኜ አይደለም፤ መስኮቱን ወደዚያ አዙሮ የሠራው ግንበኛ ነው።

ከከተማው ዳር ያለው ውሃ ድሮ ጫካ ነበር። ግድቡ ሲገደብ ጫካው ከነዛፉ ሰጠመ። ዛፎቹ በስብሰው ቢወድቁም ጉቷቸው ከውሃው በታች ቆሞ ቀርቷል። ዓሣ ደግሞ እንደ ሐሜተኛ ጥግ ጥጉን ይወዳል፤ ጉቶ ካለበት አይጠፋም። ስለዚህ ዓሣ የፈለገ ሰው ጉቶ መሃል መግባት ግድ ይለዋል።

አድሚራል አንድ ቀን ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ሲነዳ ጉቶ መታ። የሞተሩ ክንፍ እንደ ተረገጠ ማንኪያ ተጣመመ።

"ውሃው ነው ያንጸባረቀብኝ" አለ ሲመለስ። "ከላይ መስታወት ነው እኮ! ምን አይቼ ልሽሽ?"

ይኼስ እውነት ነው። ቀጥሎ ያመጣው መላ ነው ጉድ ያደረገው። የብየዳ ጭንብሉን አጥልቆ ወጣ። ያ ጥቁር መስታወት በያጁ የብየዳውን እሳት ብቻ እንዲያይ የተሠራ ነው፤ ፀሐይ እንኳ በእሱ ስትታይ ደብዝዛ የሸሚዝ ቁልፍ ነው የምታክለው። ነጸብራቁስ ጠፋ። ችግሩ ውሃውም አብሮት ጠፋ። አድሚራል ያንኑ ጉቶ ደገመው።

"ይኼ ጉቶ ያውቀኛል" አለ፣ ጭንብሉን ብብቱ ሥር እንደያዘ።

ሚስቱ ያን ቀን አልጮኸችም። የፈራሁትም ይኼንኑ ነው። የምትጮህ ሴት ነገሩ አፏ ላይ ያልቃል፤ ይቺ ግን ልብስ እያጠፈች በዝግታ ነው የተናገረችው።

"ስማ። የመጀመሪያውን ፀሐይ ነው አልክ። ሁለተኛውን ጉቶው ያውቀኛል አልክ። ሦስተኛ ከመታህ ይቺ ጀልባ ተገልብጣ የዶሮ ቤት ትሆናለች።"

"ጀልባዬ? የዶሮ ቤት?"

"በሩን ራስህ ነህ የምትበይድላት።"

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ እሷ ግን የምታልመው ዶሮዋን ነበር። የገዛቻቸው ጫጩቶች ከነካርቶናቸው ወጥ ቤት ገብተው ተቀምጠዋል። በማግስቱ ደግሞ የልብስ መለኪያ ሜትሬን ልትዋስ መጣች።

"ቀሚስ አማረሽ እንዴ?" አልኳት።

"ምን ቀሚስ! ጀልባዋን ልለካት ነው። ስንት ዶሮ እንደምትችል ልወቅ እንጂ።"

እሷ ሜትሬን ይዛ በወጣች ማግሥት እሱ ገባ። ፊቱ ከስቷል። ለአድሚራል ጀልባዋ ማለት... እንዴት ልበላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው በርና መስኮት ሲበይድ ይውላል። ለራሱ ብሎ የበየደው እሷን ብቻ ነው። በዚያች ላይ ዶሮ ሲያስካካባት በዓይነ ልቡናው እያየ እንቅልፍ አጥቷል።

"እህት ዓለም፣ ነይ መነጽር እንግዛ።"

"እኔ የመነጽር ነገር ምን አውቄ?"

"ጨርቅ ስትመርጪ ወደ ብርሃን ገልብጠሽ ነው የምታዪው። እኔ ከሆንኩ 'ያምርብዎታል' ካሉኝ ጣራም እገዛለሁ።"

ልወጣ ስል ሚስቱ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። "አብረሽው ሂጂ፤ ግን ደህናውን እንዳታስመርጪው፣ አደራ!" በሁለት ቢላዋ የምበላ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ሁለቱንም እሺ አልኳቸው።

መነጽር ቤቱ ጠባብ ናት። ግድግዳው ሁሉ መነጽር ነው፤ ስትገቡ ጭንቅላት የሌለው ሕዝብ ያፈጠጠባችሁ ይመስላል። ሻጯ ነጭ ጋዋን የለበሰች ደርባባ ወጣት ናት።

"ምን ልታዘዝ አባባ?"

"አባባ" ስትለው አድሚራል የተወጋ መሰለ። "ጋሼ ይበቃል" አላት። "ጥቁር መነጽር ፈልጌ ነበር። ቁጥር አሥራ አንድ።"

የልጅቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። "አሥራ አንድ?"

"አሥራ አንድ። ከሌለሽ አሥርም ግድ የለም።"

"ሁለቱም ዓይንዎ ነው?"

"አንዱን ምን ላድርገው ታዲያ?"

ልጅቷ ወደ እኔ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "መንገዱን እርስዎ እየመሩ ነው ያመጧቸው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። ሱቁን አላውቅም ብሎኝ እኔው ነኝ የመራሁት።

"እንዲህ ከሆኑ ቆዩ?"

"ጀልባ መንዳት ከጀመረ ወዲህ ነው።"

"ጀልባ ይነዳሉ?" ጮኸች። "በአሥራ አንድ ቁጥር ዓይን!"

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በእሱ ሥራ ቁጥር ማለት የመስታወቱ ጥቁረት ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይጠቁራል። በእሷ ሥራ ግን ቁጥር የዓይን ድካም ነው፤ አሥራ አንድ ማለት አጠገቡ ያለውን ሰው ከኮት መስቀያ የማይለይ ማለት ነው። ወዲያው ልነግራቸው እችል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም፤ ትንሽ ዝም አልኩ።

እሷ ክንዱን ይዛ "ቀስ ይበሉ፣ እዚህ ጋ ደረጃ አለ" ስትለው፣ እሱ "ምን ሆነሻል ልጄ?" ሲል፣ እሷ ጣቷን ፊቱ ላይ ዘርግታ "ይኼ ስንት ነው?" ስትል ሆዴን ይዤ ቀረሁ። በመጨረሻ አድሚራል ተናዶ ከበሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመችውን መኪና ታርጋ ከነቁጥሩ አነበበላት። እኔም ሳቄን ውጬ አስታረቅኳቸው።

"እንደሱ ከሆነ ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ጥቁር አይደለም" አለች ልጅቷ፣ ላቧን እየጠረገች። "ጥቁር መስታወት ሁሉንም እኩል ያጨልማል። ለውሃ የሚሆነው ፖላራይዝድ የሚባለው ነው። ከውሃ ላይ የሚነጥረው ብርሃን አብዛኛው ተጋድሞ ነው የሚመጣው። ይኼ መስታወት የተጋደመውን ይከለክላል፣ የቆመውን ያሳልፋል።"

"ዘበኛ ነው በይኛ።"

"እንደዚያ በሉት።"

"ተጋድሞ የመጣን የማያስገባ ዘበኛ!" አለ አድሚራል ወደ እኔ ዞሮ። "እኛ ቤት የሚጋደመው ዘበኛው ራሱ ነው።"

አንዱን አደረገችለትና የሚያብለጨልጭ ካርድ ዘረጋችለት። በባዶ ዓይን ምንም የለበትም። በመነጽሩ ግን፣ "ዓሣ!" ብሎ ጮኸ። አውልቆ አየ፤ የለም። አጥልቆ አየ፤ አለ። ካርዱን ገለበጠው፣ ወደ ጆሮው ወስዶም አንቀጫቀጨው።

"ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ እኔ ላይ አይሠራም" አለ። "ዓሣውን ካርዱ ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ። እኔ የምፈልገው ማንም ያልከተተውን ነው።" ሰዓቱን ሊያይ ስልኩን አወጣና አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ። ስልኩ ድርግም አለ። "ስልኬን ገደልሽው!"

"ቀና ይበሉ ጋሼ፤ የስልክዎም ብርሃን ወደ አንድ ወገን ነው የሚመጣው፤ ሲያዘነብሉ ዘበኛው ይከለክለዋል።"

ቀና አለ፤ ስልኩ በራ። ዘንበል አለ፤ ጠፋ። በልጅቷ ሱቅ እንደ ዶሮ አንገቱን እየሰበረ ቀረ። ሚስቱ ብታየው ጀልባዋን ሳይሆን እሱን ነበር የምትገለብጠው።

ያሳመነው ግን ውጭ የቆመችው መኪና ናት። የፊት መስታወቷ ሰማዩን አንጸባርቆ ውስጧ አይታይም ነበር። አድሚራል በመነጽሩ አሻግሮ አየ፤ ፊቱ ቀስ እያለ በራ፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ መስኮቷን አንኳኳ።

"ወንድሜ፣ ጣትህን ከአፍንጫህ አውጣ።"

ሰውየው መኪናዋን እንዴት አስነስቶ እንደሄደ እግዜር ይወቀው። አድሚራል እየሳቀ ተመለሰ። "ትሠራለች! ዓሣ አሳይ ናት!"

አሁን የቀረው ምርጫው ነው፤ ወንድ ልጅ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሰማያዊ መስታወት የሚያብለጨልጭበት ነው፤ አድሚራል ሲያጠልቀው በእውነት የመርከብ አዛዥ መሰለ። ሌላው ቡናማ ነው፤ ጎኑ ሰፊ ሆኖ ፊት ላይ ይጠመጠማል፣ ከኋላ ደግሞ አንገት ላይ የሚያንጠለጥሉት ገመድ አለው። ልጅቷ ሰማያዊው ለጥልቅና ጥርት ላለ ውሃ ነው፣ ጉቶ ያለበት ጥልቀት የሌለው ደፍራሽ ውሃ ላይ ቡናማው አጉልቶ ያሳያል፣ ሰፊው ጎን ከጎን የሚሾልከውን ፀሐይ ይዘጋል፣ ገመዱ ደግሞ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ ነው አለችው። ሁለቱም የፀሐይን ጨረር እንደሚከለክሉም ነገረችው።

"ገመድ? ፍየል ነኝ እንዴ?" ሰማያዊውን አጥልቆ ወደ እኔ ዞረ። "የቱ ያምርብኛል?"

አደራው ትዝ አለኝ። "ሰማያዊው" ብል በቃ፣ የዶሮ ቤቱ ተሠራ ማለት ነው። ግን ሰው ሲለምን ዓይኑ ያስታውቃል፤ የአድሚራል ዓይን ከሰማያዊው መስታወት ጀርባ ባይታየኝም አፉ ቃሌን ሲጠብቅ ተከፍቶ ነበር።

"ሰማያዊው ያምርብሃል" አልኩት። "ዓሣው ግን መልክህን አያይልህም።"

ሰማያዊውን እየሳሳ አውልቆ መለሰ። ቡናማውን ከነገመዱ ገዛ። በመንገዳችን ሁሉ በየሱቁ መስታወት ራሱን እያየ ሲተክዝ ነበር፤ "ሽማግሌ ዝንብ አስመሰለኝ" አለ።

እሁድ ጠዋት ወጣን። ሚስቱ ምስክር ልሁን ብላ መጣች፤ እኔን ደግሞ ዳኛ ነሽ ብለው አስገቡኝ። ዋና ስለማልችል ባዶ ጀሪካን አቅፌ ተቀመጥኩ። ውሃው አዲስ እንደተመታ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ እኔና ሚስቱ ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንሄደው። አድሚራል ብቻ አገጩን ቀና አድርጎ ይነዳል።

"እዚያ ጉቶ አለ። አለፍነው። እዚህም አለ። ውይ፣ ዓሣ! ሁለት፣ ሦስት... ቤተሰብ ናቸው!"

"ዓይን ያወጣ ውሸት!" አለች ሚስቱ። "በዚህ ቆርቆሮ ላይ ዓሣ ይታያል?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

"እስቲ አምጣው።" በገመዱ ጎትታ ከጭንቅላቱ ላይ አወለቀችው። ፍየሉ ተፈታ።

"ሴትዮ፣ እየነዳሁ እኮ ነው!"

እሷ አልሰማችውም። መነጽሩን አጥልቃ ከጀልባዋ አፍንጫ ወደ ታች አጎነበሰች፤ አፍንጫዋ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። "አረንጓዴ ነው" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ። "እስከ ታች ድረስ... የወደቀው ቅርንጫፍ ሁሉ አለ። በመሃሉ ይሄዳሉ።"

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ቀና ብላ ፊት ለፊት አየች። ምን እንዳየች ለእኔ አይታየኝም፤ ለባሏም አይታየውም፤ እሱ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ በደመ ነፍስ ነው የሚነዳው። ግን ጉቶው እንደሆነ ገባኝ፤ ያ "ያውቀኛል" ያለው ጉቶ። ዝም ብትል ብቻ ይበቃል። ማንም አያውቅባትም። ጀልባዋ ትመታለች፣ ግቢ ተወስዳ ትገለበጣለች፣ ጫጩቶቹ ከወጥ ቤት ይወጣሉ፣ ልብሷን እንደ ሰው ታሰጣለች። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጀሪካኔን አጥብቄ አቀፍኩ።

"ግራ!" ብላ ጮኸች። "ግራ በል አንተ ዕውር! ግራ!"

አድሚራል አንዳች ሳይጠይቅ መሪውን ወደ ግራ አዞረው። ጥቁር ነገር ከጀልባዋ ጎን ሥር ሽው ብሎ አለፈ፤ ያኔ ብቻ ነው እኔም ያየሁት።

"አሁን ቀጥ በል። ቀስ። ቀስ አልኩህ እኮ! ሞተሩን አጥፋው፤ እዚህ ናቸው።"

"መነጽሬን ስጪኛ።"

"ዝም በልና መንጠቆህን ጣል። ወደ ቀኝ። እዚያ አይደለም፣ እዚያ የተኛው ትንሽ ነው።"

ያን ቀን የያዝነውን ዓሣ ለሰፈር አካፍለን ተረፈ።

ጀልባዋ አልተገለበጠችም። ጫጩቶቹ አድገው ማደሪያ ሲያጡ አድሚራል ከብየዳ ቤቱ ጥግ ለቀቀላቸው፤ አንዷ እንቁላል የምትጥለው የብየዳ ጭንብሉ ውስጥ ነው፤ እሱ ሊበይድ ሲፈልግ እስክትነሳ ቆሞ ይጠብቃታል። መነጽሩም እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም። እሷ ገመዱን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገበያ ሳይቀር ትሄድበታለች። ሰፈሩም አሳቢ ነው፤ "አድሚራል" የሚለውን ስም ለእሷ አዛውሮ እሱን "ሞተር" ይለዋል።

አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጠየቅኳት። "እንደው እውነቱን ንገሪኝ፤ ያን ቀን ለምን ዝም አላልሽም? የዶሮ ቤቱ ያንቺ ነበር።"

"ዓሣዎቹ ይደነግጡ ነበራ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እሱም ይደነግጥ ነበር" ብላ ሜትሬን በቀዳዳው አቀበለችኝ። ጀልባ መለካቱን ትታ የያዘችውን ዓሣ ሁሉ ስትለካበት ከርማለች። ሦስቴ አጥቤዋለሁ። አሁንም የደንበኛ ወገብ ስለካ ሰውየው አፍንጫውን ነፋ ነፋ ያደርግና በጥርጣሬ ያየኛል፤ እኔም መስኮቱን አሳየዋለሁ፤ "ከጎረቤት ነው" እለዋለሁ።