የኤብላ የጠዋት ሰላምታ

ዛሬም ብላዋለች፣ ዛሬም፣ ገና የክፍሉን በር ከፍቶ አንድ እግሩን እንዳወጣ፣ ከቧንቧው አጠገብ ጀሪካን እየሞላች ቀና ብላ፣ ፊቷ በርቶ፣ ሚ ማድሬ ኤስታ ሙዌርታ፣ ማዓሊን፣ እሱም እንደ ልማዱ ግራሲያስ ኤብላ፣ ግራሲያስ ብሎ አንገቱን ደፍቶ አለፈ፣ ምን ይበል፣ አምስት ወር ሙሉ ምን ሲል ኖረ፣ እናቴ ሞታለች ብላ በስፓኒሽ እንደምን አደርክ ለምትል አከራይ ምን ተብሎ ነው የሚመለሰው። እግዜር ያጥናሽ? አይባልም። ሴትዮዋ ሰላምታ መስሏታል፣ ሰላምታ ነው ያላት ደግሞ ራሱ ነው፣ እናቴ ሆይ ሰላም ዋዪ ማለት ነው አላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ውሸታም።

አሁን ከሰዓት በኋላ ለዐሥር ሩብ ጉዳይ። ተሜ፣ ኤብላ ማዓሊን፣ መምህር፣ የምትለው የጂኦግራፊ አስተማሪው ተሜ፣ በኤብላ ሳሎን ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ ስልኩ በመሀላቸው ትራስ ላይ ተጋድሟል፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ መብራት እንዳይጠፋ ኤብላ ከጠዋት ጀምራ ዱዓ ላይ ናት። ትናንት በዚህ ሰዓት ተደውሎ ነበር፣ እሱ ትምህርት ቤት ነበር፣ ኤብላ ከአንዲት የማታውቃት ሴት አፍ ናስትሆ የሚለውን የልጇን ስም ብቻ ለይታ ሰማችና ስልኩን እንደያዘች ማዓሊን፣ ማዓሊን እያለች ግቢውን ስትዞረው መስመሩ ተቋረጠ፣ ቀጥሎ መልእክት ገባ፣ ሲመለስ አነበበላት፣ ነገ በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ፣ እህት ፒላር፣ ታፓቹላ። ሜክሲኮ ነው አላት፣ መነኩሲት ሳትሆን አትቀርም አላት። ልጄስ? ስለ ልጅሽ አልጻፈችም።

ናስትሆ፣ አንድ ልጇ፣ ሃያ ዓመቷ፣ በተህሪብ ነው የሄደችው፣ በድብቁ መንገድ፣ መጀመሪያ በአውሮፕላን ብራዚል፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር፣ በጫካ፣ ወደ ሰሜን፣ አጎቷ ወዳለበት ሚኒሶታ፣ ድምጿ ከጠፋ ሁለት ወር ሆነ።

ስትደውል ሰላምታውን እኔ ነኝ የምለው፣ ትላለች ኤብላ፣ ስልክ ለማናገር አዲሱን ሻሿን አስራለች፣ እኔ ሰላም ልበላትና አንተ ትቀጥላለህ፣ እናት ናት መቅደም ያለባት፣ አይደለም እንዴ ማዓሊን? ነው፣ ይላል ምላሱ፣ ነው። ንገራት እንጂ ተሜ፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ አለህ፣ ዐሥራ አራት፣ ይህቺ ሴት ለመነኩሲቷ እናቴ ሞታለች ልትል ነው፣ መነኩሲቷም አስተርጓሚውን ልትጠይቅ ነው፣ አስተርጓሚው አንተ ነህ።

እንዴት እዚህ ደረሰ። በደስታ ነው የደረሰው፣ የሚያሳፍረው እሱ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ቋንቋ እስቲ አውጣው ያለው ሰው የለም፣ ጅግጅጋ ላይ ኩባ ነው ያደግኩት ብሎ መንጠባረር አያስኬድም፣ የካራማራ ተራራ ከመስኮቱ ይታያል፣ በሰባው ጦርነት ኩባዎች ከማን ጋር ቆመው ማንን እንደወጉ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ሟች ያስታውሳል፣ ስለዚህ እንደ ስርቆት ዕቃ ደብቆት ኖረ፣ ጺሙን ሲላጭ ብቻ፣ ከመስተዋቱ ጋር። ከዚያ ናስትሆ መጣች፣ ማዓሊን ስፓኒሽ ትችላለህ አሉ፣ ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ፣ አስተምረኝ። አመነ። የለም አላመነም፣ ለማመን ተስማማ። ከጠዋት ቡዌኖስ ዲያስ፣ ከቀትር በኋላ ቡዌናስ ታርዴስ፣ ለእኩያሽ ቱ፣ ለታላቅሽ ኡስቴድ፣ አንተና እርስዎ በይው፣ አየሽ፣ እኛን ይመስላሉ። ኮሞ ሴ ያማ? ማን ትባያለሽ? ሜ ያሞ ናስትሆ ዒጋል ጉሌድ ዋርሳሜ ሮብሌ፣ ቀጠለች፣ ሶማሌን ማን ትባላለህ ካልከው አያት ቅድመ አያቱን ሳይቆጥርልህ አይለቅህም፣ ገና አፉን ሲፈታ ያጠናው ነው። ቁረጪው አላት እየሳቀ፣ እዚያ አገር ሁለት ስም ይበቃል። እሷም ሳቀች፣ ቆረጠችው። መቁረጥ የጀመሩት ያን ቀን ነው።

በአራተኛው ሳምንት ወረቀቱን ይዛ መጣች። ደላላው የጻፈላት፣ በሶማሊኛ፣ ከሞቃዲሾ ነኝ፣ አባቴ ሞቷል፣ እናቴ ሞታለች፣ ማንም የለኝም፣ ይኼንን በስፓኒሽ አድርግልኝ ማዓሊን። ስኮላርሺፑስ አላላትም። አባትየው እውነትም ሞቷል፣ እናትየው ግን ሃያ እርምጃ ርቃ ልብስ ታጥባለች፣ ሳሙናው እስከ ክርኗ ደርሷል፣ ማዓሊን ሻይ ላምጣልህ? ትላለች፣ እሱ እናቴ ሞታለች የሚል ወረቀት በእጁ ይዞ አምጪ ኤብላ፣ ስኳር አታብዢ ይላል። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት፣ ነውር ነው፣ ቅደጂው፣ በቃ። እሱ ግን አነባበቧን አረመ። ቃሏን አጠራላት፣ ር ላይ ምላስሽን ነካ አድርጊና ልቀቂው፣ እንደገና፣ እንደገና፣ ሠላሳ ጊዜ አስባላት፣ ልጅቷም ሩዝ ስትለቅም፣ ልብስ ስታሰጣ፣ በረንዳውን ስትጠርግ ሚ ማድሬ፣ ሚ ማድሬ፣ እናትየው ከኋላዋ እየሰማች በቃሏ ያዘችው። ልጅቷ ስትሄድ ከእሷ ቤት የቀረው ይኼ ነው፣ አንድ ቀሚስና ያ ዐረፍተ ነገር።

ዐሥር ደቂቃ።

ለምን አረመ። ስለሚችለው፣ ከስፓኒሽ ሁሉ አስቀድሞ የለመደው ያንን ዐረፍተ ነገር ስለሆነ። ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አባቱ ወታደር፣ እዚያው ተራራ ላይ የቀረ፣ የሟቾች ልጆች ኩባ ሊላኩ ነው ተባለ፣ እናትም አባትም የሌላቸው ብቻ። እናቱ አስካለማርያም ከጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ሻይ ትሸጣለች፣ አለች፣ በሕይወት አለች፣ ጎንበስ ብላ በጆሮው፣ እናትህስ ሲሉህ ሞታለች በል፣ እሺ? እዚያ ትማራለህ፣ ጠግበህ ታድራለህ፣ እስቲ ለእኔ በልልኝ፣ ሞታለች በል። ሞታለች አለ። ጎበዝ አለችውና ግንባሩን ሳመችው። መኪናው ሲነሳ ከሰው ኋላ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እጇን አላነሳችም፣ የሞተች ሴት እንዴት ብላ እጇን ታውለበልባለች፣ መዝጋቢው ቢያይስ። እሱም አላነሳም።

ኩባ፣ ትምህርት አንድ፣ ሰላምታና ራስን ማስተዋወቅ። መምህርቷ በየወንበሩ እየዞረች ስምህ ማን ነው፣ ከየት ነህ፣ እናትህ ማን ትባላለች፣ እሱ ጋ ስትደርስ ሚ ማድሬ ኤስታ ሙዌርታ፣ ራሱን ዳበስ አድርጋው አለፈች፣ የእናቱ ስም ሳይነገር ቀረ። በኋላ ሰዋስው ተማሩ፣ ኤስታ የሚሉት ግስ ለሚያልፍ ነገር ነው፣ ደክሞኛል፣ ታምሜያለሁ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሞትንም ከእነዚህ ጋር ነው የሚመድቡት፣ ልጅ አይደል፣ እንዲያውም ደስ አለው፣ እንግዲያው ይኼም ያልፋል፣ ስመለስ አለሁ ትላለች አለ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ከአጥሩ ሥር ሌላ ሴት ሻይ ትሸጣለች። በሰባ ሰባት ነው አሉት፣ ትንሽ አመማት፣ ተሜዬ እያለች ነው የሄደችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፣ የእሱ ደግሞ ወለምታ አይደለም፣ ስብራት ነው፣ በአፉ ገድሎ በአፉ ቀበራት፣ ያንኑ አፍ ነው ለናስትሆ ያዋሳት።

አምስት ደቂቃ። ኤብላ፣ ይላል። እህ ማዓሊን? አይ፣ የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሏል ወይ? ብሏል። ፈሪ፣ አርባ ስድስት ዓመትህ ነው፣ ስለ ስልክ ድምፅ ትጠይቃለህ፣ ኤብላ ትኩር ብላ ታየዋለች፣ ሌላ ነገር የምትጠብቅ ይመስላል፣ ምን ትጠብቃለች፣ ስልኩን ነዋ፣ ምን ልትጠብቅ ኖሯል፣

ጠራ።

ቡዌኖስ ዲያስ፣ ይላል ትራሱ ላይ ያለው ድምፅ፣ እዚያ ማለዳ ነው። ተሜ አፉን ሲከፍት ኤብላ ቀድማው ተደፍታለች፣ ሻሿ ስልኩን እየነካ፣ ቃል በቃል፣ አጥርታ፣ እሱ ሠላሳ ጊዜ ባረመው አጠራር፣ ሚ ማድሬ ኤስታ ሙዌርታ። ማነው የሚናገረው፣ ትላለች መነኩሲቷ፣ እናንተም ሞታለች ትላላችሁ? ልጅቷም ከጫካው በትኩሳት ተንገርግባ ከደረሰች ጀምሮ ይኼንኑ ነው የምትለው፣ እናቴ ሞታለች ትልና ታለቅሳለች፣ ታዲያ ቀሚሷ ጠርዝ ላይ ሰፍታ የያዘችው ይኼ ቁጥር የማን ነው?

ምን አለች? ምን አለች? ኤብላ እጅጌውን ይዛለች። እውነቱን ቢናገር የልጅቷ ወረቀት ይፈርስ ይሆናል፣ ያ ሁሉ ጫካ በከንቱ፣ ባይናገር ይህቺን ሴት ከጎኑ ቁጭ እንዳለች ይቀብራል፣ አክስቷ ናት ቢልስ፣ ጎረቤት ናት ቢልስ፣ ሁለተኛዋንም እናት በአፉ መግደል ነው። ኖ፣ ይላል፣ ኖ ኤርማና፣ እህቴ፣ ኤስታ ቪቫ፣ በሕይወት አለች፣ እዚህ ከጎኔ ናት፣ አሁን የሰማሽው የራሷን ድምፅ ነው፣ ቋንቋው ይሰባበርበታል፣ ቱና ኡስቴዱ ይምታታበታል፣ እንደ መጀመሪያ ቀን ተማሪ ይንተባተባል፣ ሴ ያማ ኤብላ፣ ኤብላ ነው ስሟ፣ እናቷ ናት። መነኩሲቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ተመስገን፣ ትላለች፣ አትፍሩ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም፣ የትም አልጽፈውም፣ ልጅቷ ተሽሏታል፣ እህል ግን እምቢ ብላለች፣ ቆይ ልጥራት፣ ኡን ሞሜንቶ።

ልጅሽ ደህና ናት፣ ይላል ወደ ኤብላ ሳያይ፣ ምንጣፉን እያየ፣ አሁን ትመጣለች። ግን ያ ሰላምታ፣ ኤብላ፣ ሰላምታ አይደለም። እናቴ ሞታለች ማለት ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁሽም እኔ ነኝ።

አውቃለሁ፣ ትላለች።

ምን?

ስትሄድ ነገረችኛ፣ እግሬን ይዛ አፉ በይኝ ሆዮ፣ እናቴ፣ አለች፣ እኔም በዪ አልኳት፣ ሞታለች በዪና ድረሺ፣ ዋላሂ እኔ ነኝ በዪ ያልኳት። እሷ አላጠፋችም። አንተን ነው የጠበቅኩት፣ ማዓሊን፣ በስልኩም ያልኩት አንተን ላናግር ብዬ ነው። በጠዋት በጠዋት እልሃለሁ፣ ዛሬ ይነግረኛል፣ ዛሬ ሰው ይሆናል እላለሁ፣ አንተ ግራሲያስ ትላለህ።

መቶ ሃምሳ ጠዋት። ጀሪካኑን እየሞላች፣ ፊቷ በርቶ፣ በር ስትከፍትለት ኖራለች፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ እያለፈ። ይቅርታ ሊል ይፈልጋል፣ ቃሉ በአማርኛም በስፓኒሽም በሶማሊኛም ይመጣል፣ አንዱን ሊያወጣ ሲል ስልኩ ውስጥ ጫማ ተጎተተ፣ ትንፋሽ ተሰማ፣ ቀጭን፣ የደከመ፣ ሆዮ?

ሆዮ፣ ትላለች ኤብላ፣ እዚህ እናትም ልጇን ሆዮ ነው የምትለው፣ ስልኩን ከትራሱ በሁለት እጇ አንስታ ጉንጯ ላይ ለጥፋዋለች፣ ሆዮ፣ አለሁ፣ አለሁ፣ ብዪ ሆዮ፣ ሩዝም ቢሆን ብዪ፣ ሁለቱም ሆዮ፣ ሆዮ ይባባላሉ። ተሜ ይነሳል። ጫማውን በረንዳው ላይ ያጠልቃል፣ ዐቧራው ተነስቷል፣ ከካራማራ በኩል ነፋስ አለ፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል። ይዘጋዋል። ሚ ማድሬ፣ ይላል ለቧንቧው፣ ሚ ማድሬ ሴ ያማ፣ ምላሱ ይያዛል፣ ከሰላምታ ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው፣ ትምህርት አንድ ላይ ያለ፣ አንድም ቀን ብሎት አያውቅም፣ ሚ ማድሬ ሴ ያማ አስካለማርያም፣ እናቴ አስካለማርያም ትባላለች። አጠራሩ አልሰመረለትም። እንደገና፣ ይላል ለራሱ፣ እንደገና፣