በወገብ የታሰረ ስንቅ

ሱሩር ሹፌር ወገቡ ላይ ገመድ ሳይጠመጥም ከአዋሽ ከተማ ወጥቶ አያውቅም። ከሸሚዙ ሥር የትንሽ ጣት ውፍረት ያላት የናይለን ገመድ አሥራ ሁለት ዙር ትዞራለች። ቀበቶው ላይ የወታደር ኮዳና ሴንጢ ያንጠለጥላል። በደረት ኪሱ ደግሞ ክዳኗ በሻማ የታሸገ የክብሪት ቆርቆሮና በጨርቅ የተቋጠረ ጨው አይጠፋም።

ስንቅነሽ ጤና ረዳት ሆና ከደብረ ብርሃን ወደ አዋሽ ስትመደብ ይህን አይታ ሳቀችበት።

"ጋሽ ሱሩር፣ መኪናው ውስጥ ሁለት ጀሪካን ውሃ አለ፣ ገመድም አለ። በዚህ ሙቀት ይህን ሁሉ ተሸክሞ መዋል ምን ይባላል?"

"መኪና ላይ ያለው የመኪናው ነው" አላት። "ገላሽ ላይ ያለው ነው ያንቺ።"

የባቲ ሰው ነው። በልጅነቱ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ ሙሉ የውሃ በርሜል ከጫነ መኪና ጋር ተገልብጠው በጥም ያለቁ ሁለት ሰዎችን ቀብሯል። ከዚያ ወዲያ መኪና አላመነም። ስለ ነገ ሲናገርም ኢንሻአላህ ሳይል አያልፍም። "ሎጊያ ምሳ እንበላለን፣ ኢንሻአላህ።" "ጎማው ይደርሰናል፣ ኢንሻአላህ።" ስንቅነሽም ከመልመዷ የተነሣ አንዳንዴ ቀድማው ትለውና ታስቀዋለች።

በ1975 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ለአራት መቶ ሕፃናት የሚበቃ የኩፍኝ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዘው ወደ ታችኛው አዋሽ ወረዱ። ዛሬ የሰመራ ከተማ የቆመበትን፣ ያኔ ግን ጥቁር ድንጋይ ብቻ የነበረበትን ሜዳ አቋርጠው ዲቾቶ አደሩ። በማግስቱ አስፋልቱን ትተው ወደ አፋምቦ በሚወስደው የግመል ዱካ ገቡ።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ላንድሮቨሩ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ሰጠመ። ሁለቱም ወርደው በእጃቸው ጎማ ሥር ሲቆፍሩ ሱሩር ድንገት ቀና አለ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። እሱ ግን ወደ ላይኛው የወንዙ መታጠፊያ ጆሮውን ጣለ።

"ውሃ መጣ። ውጪ" አላት።

ዳገቱ ላይ ወጡ። ስንቅነሽ ዞር ስትል በመኪናው ክፍት በር የክትባቱ ሣጥን ታያት። ያን ክትባት ሦስት ወር ጠብቃዋለች። በአንድ መንደር አሥራ አንድ ልጅ በኩፍኝ እንደሞተ ሰምታለች። ተመልሳ ወረደች።

"ተዪው፣ ልጄ፣ ተዪው" ሲል ሰማችው።

የሣጥኑን እጀታ ስትጨብጥ ደራሽ ውሃው ጉልበቷን መታት፣ ወዲያው ደረቷ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ቡናማ ውሃና አፏ የገባውን አሸዋ ነው። ሱሩር ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ፣ አንዱን ጫፍ ከግራር ግንድ ጋር፣ ሌላውን ከራሱ ጋር አስሮ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ብብቷ ሥር ይዞ ሲጎትታት መኪናው ተንከባሎ የግራ እግሩን ከድንጋይ ጋር አጣበቀው። የአጥንቱን ስብራት እሷም ሰማችው። እሱ ግን አልለቀቃትም።

ዳር ሲወጡ መኪናው የለም፣ ጀሪካኑ የለም፣ ሣጥኑም የለም። ውሃው አንድ ሰዓት ሳይሞላው አልፎ፣ አሸዋው ጠጥቶት፣ ኩሬ እንኳ ሳያስቀር ጭቃ ብቻ ተረፈ።

ስንቅነሽ ታፋውን ዳሰሰች። ከጉልበቱ በላይ ተሰብሯል፣ እብጠቱም ደም ወደ ውስጥ እየፈሰሰ መሆኑን ይናገራል። በሴንጢው የግራር እንጨት ቆርጣ፣ ከቀሚሷ ጨርቅ ቀድዳ አሰረችለት። እያለቀሰች ነበር።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ባልመለስ ኖሮ..."

"ለሕፃናት ነው የተመለስሽው" አላት ጥርሱን ነክሶ። "አሁን እሱን ተዪና ትከሻሽን ስጪኝ። የውሃ ጉድጓድ አውቃለሁ።"

ጉድጓዱ ለጤነኛ ሰው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እነሱ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። አፋሮች በድንጋይ ያነጹት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ታች ውሃው ያብረቀርቃል፣ መቅጃ ግን የለውም። ኮዳዋ እንድትሰጥም ድንጋይ አስረው በገመዱ ቢያወርዷት ውሃው ጋ ሳትደርስ ገመዱ አለቀ። ስንቅነሽ ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ነጠላ ለሁለት ቀድዳ፣ ገምዳ ቀጠለችበት። ያን ጊዜ ኮዳዋ ውሃ ነካች። ጠጡ፤ ጨው ላሱ፤ እንደገና ጠጡ።

ጎሕ ሲቀድ የሱሩር ፊት አመድ መስሎ ነበር። ኮዳዋን ሞልቶ፣ ገመዱን ከነነጠላው ጠምጥሞ አቀበላት።

"ዱካውን ይዘሽ ወደ አስፋልቱ ሂጂ። መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ከጥቁሩ ኮረብታ ግርጌ ሌላ ጉድጓድ አለ። ያለ ገመድ አትደርሺም።"

"እርስዎስ በምን ይቀዳሉ? ገመዱን ቆርጬ ላካፍልዎ።"

"የተቆረጠ ገመድ ለኔም ላንቺም አይሆንም። ለእኔ አታስቢ። ከሰዓት ላይ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች እዚህ ይመጣሉ። ክብሪቱን ተዪልኝ፣ ጭስ አጨሳለሁ፤ ያዩኛል።"

"ይመጣሉ?"

"ይመጣሉ።"

ከግራር ጥላ ሥር አስተኝታው፣ ኮዳዋን አስጠጥታው፣ መልሳ ቀድታ ሄደች።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተራመደች በኋላ ልቧ ውስጥ የሚቆረቁራት ነገር ምን እንደሆነ ተገለጠላት። ሱሩር ኢንሻአላህ አላለም። ሰዎቹ ይመጣሉ ብሎ ዝም ነው ያለው። በጉድጓዱ ዙሪያ ያየችውን መሬትም አስታወሰች። ትኩስ እበት አልነበረም፣ የፍየል ኮቴም አልነበረም። ሱሩር ዋሽቷታል፤ ውሸቱ ላይ ግን የአምላኩን ስም መጨመር አልወደደም።

ቆመች። ወደ ኋላ አየች፣ ወደ ፊት አየች። ብትመለስ ውሃ ቀድታ ታጠጣዋለች፤ ከዚያ ግን ሰው በማይመጣበት ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ። ብትቀጥል፣ ፈጥና ሰው ካላገኘች እሱ ውሃ አናት ላይ ተኝቶ በጥም ይሞታል። ትናንት ሳታስብ ተመልሳ የሆነውን አይታለች። በአማላጅነቷ የምትተማመንባትን እመቤቷን ጠርታ፣ እያለቀሰች ወደ ፊት ሮጠች።

ከጥቁሩ ኮረብታ ግርጌ ሁለት ሰዎች ፍየል ያጠጡ ነበር። ሴቲቱ ሀምዳ ትባላለች፤ ዲቾቶ ወተት ስለምትሸጥ አማርኛ ታውቃለች። ወንዱ ወንድሟ ናስር ነው። ስንቅነሽ ያለውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

"እዚያኛው ጉድጓድ ሰው የለም" አለች ሀምዳ። "ሳሩ አልቆ ከተነሣን ወር ሆነን።"

ናስር ነገሩን ከእህቱ አፍ ሲሰማ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ እስላም ነው ወይስ ክርስቲያን? ስንቅነሽ ደነገጠች።

"እስላም ነው። ለምን ጠየቀ?"

"ከሞተ እንዴት እንደሚቀብረው ለማወቅ ነው" አለች ሀምዳ። "ለመሄድስ ይሄዳል።"

ግመሉን አስነሣ፣ ሙሉ የቆዳ አቁማዳ ውሃ ጫነ፣ ሄደ። ስንቅነሽ ልትከተለው ስትል ሀምዳ ክንዷን ይዛ ወደ እግሯ አመለከተች። ጫማዋ በደም ርሷል።

"አንቺ ግመሉን ታዘገያለሽ። መኪና አምጪለት።"

ሀምዳ መንገድ እየመራቻት አመሻሹ ላይ ዲቾቶ ገቡ። መኪና የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ናስር ከግራሩ ሥር ተቀምጧል። ከጎኑ አዲስ የድንጋይ ክምር አለ። ግመሉ ራቅ ብሎ ያመነዥካል። ስንቅነሽ ከመኪናው ወርዳ ድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከች። እስከዚያ ድረስ ስታለቅስ ብትቆይም አሁን እንባ እምቢ አላት። ናስር ቀስ እያለ ሲናገር ሀምዳ ተረጎመችላት።

በሕይወት ነበር ያገኘው። ጭሱንም ገና ከሩቅ አይቶት ነበር። ሁለት ጊዜ ውሃ አጠጣው፣ ከዚያ የግመል ወተት ሰጠው። ሱሩር አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ልጅቷ ነው። ደርሳለች ሲለው ዓይኑን ጨፈነ። እግሩ ግን እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር። ፀሐይ ስትገባ የእምነት ቃሉን፣ ሸሃዳውን ብሎ አረፈ።

አዋሽ ስትመለስ መሥሪያ ቤቷ ስለ ጠፋው የመንግሥት ንብረት በጽሑፍ እንድታስረዳ አዘዛት። እውነቱን ጻፈች። ከመኪናው ከወጣን በኋላ ሣጥኑን ለማዳን የተመለስኩ እኔ ነኝ፣ ሹፌሩ የሞተው እኔን ሲያወጣ ነው አለች። ኃላፊዋ አንብቦ በሩን ዘጋ።

"ይቺን አውጪያት። ሹፌሩ ወንዝ ውስጥ መኪና አቁሞ ነው በይ። ሙት አይታሰርም።"

"ሙትም ስም አለው" አለች።

ሦስት ሳምንት ታሰረች። ስትፈታ ቤቷ እንኳ ሳትገባ ሱሩር ቤት ሄደች። ሚስቱ ሰዓዳ የወሎ ሰው ናት፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ አላት። እንግዳዋን አይታ ሱቁን ዘጋች፣ ወደ ጓዳ አስገብታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

ስንቅነሽ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ሣጥኑ አልደበቀችም፣ ስለ ገመዱም አልደበቀችም። ስትጨርስ አንገቷን ደፍታ የሚመጣውን ጠበቀች። ውጪ አንድ ሰው ሱቁን አንኳኩቶ፣ ሲሰለቸው ሄደ።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አለች ሰዓዳ በመጨረሻ። "ያን ጊዜ በአሰብ መንገድ በጥም ያለቁትን ሰዎች ቀብሮ ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳው ይኸው ነበር። ጠጥቶ ነው የሞተው?"

"ጠጥቶ ነው እትዬ። ሁለት ጊዜ ውሃ፣ ከዚያ ወተት።"

ሰዓዳ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ከዚያ የስንቅነሽን እጅ ያዘች፤ ሁለቱም ያኔ አለቀሱ።