እህቱን የሚፈልገው ሰው

ሕዝቅያስ ሐዋሳ ታቦር ሰፈር ባለው ቤቱ አንድ ክፍል ሙሉ ድምፅ አልባ ፊልም አጭቋል። ስመ ጥሮቹን አይፈልጋቸውም። ዓለም የረሳውን፣ ማን እንደሠራው እንኳ የማይታወቀውን ነው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያስመጣው። ሚስቱ ታቢታ፣ «አንተ ዝም፣ ፊልሞችህ ዝም፤ እኔ ከግድግዳ ጋር ላውራ?» ትለዋለች። እውነቷን ነው።

ከዚያ ሁሉ ክምር የሚፈልገው ግን አንዱን ብቻ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ማርቆስ ቡሹሎ መንደር ውስጥ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ በጄኔሬተር ፊልም ያሳይ ነበር። ፊልሙ ስለማይናገር፣ ራሱ ከአንሶላው ጎን ቆሞ በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ይተርካል። አንድ ጊዜ፣ የጠፋችበትን እህቱን ፍለጋ በውኃ ዳር ስለሚሮጥ ሰው ተረከ። ሕዝቅያስ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በዓመቱ አባቱ ሞተ። ያንን ፊልም ቢያገኝ የአባቱን ድምፅ መልሶ የሚሰማ ይመስለዋል። ሞኝነት ነው፤ ናፍቆት ግን መቼ ምክር ይሰማል?

አንድ እሑድ የአባቱ ጎረቤት የነበሩት እትዬ ሽታዬ ከቡሹሎ ሊጠይቋቸው መጡ። ሕዝቅያስ ትንሽ ላስቃቸው ብሎ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ገዝቶ ጥግ የወረወረውን አጭር ፊልም ከፈተላቸው። ቀጭን ሰውዬ ነፋስ የወሰደበትን ባርኔጣ በባሕር ዳርቻ ያሳድዳል።

እትዬ ሽታዬ አልሳቁም። «ውይ ማርቆስ!» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይሄ ምስኪን፣ ዛሬም እህቱን አላገኘም?»

«የምን እህት? ባርኔጣውን እኮ ነው የሚያባርረው፣ እትዬ።»

«ባርኔጣ መሆኑንማ ያኔም አይተናል። አባትህ በዚያ ሳምንት ታናሽ እህቱን ቀብሮ ነበር። ስለ ባርኔጣ ማውራት አቃተው።»

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ሕዝቅያስ ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመረው። ሰውዬው ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ከጎኑ የሚናገርለት ማንም የለም። አባቱን የዚያን ቀን ያህል ናፍቆ አያውቅም።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ እትዬ ሽታዬ። «ቁምና ንገረን እንጂ!»

ተነሥቶ ከምስሉ ጎን ቆመ። ታቢታ እጇን እየጠረገች ከማጀት ብቅ አለች።

«ይህ ሰው...» አለ ሕዝቅያስ በአባቱ ቋንቋ፤ «ይህ ሰው አባቱን ይፈልጋል።»