የፕላስቲኳ ዘንግ

ባለቤቴ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። ዝናብ የመታውን ሽጉጥ ይፈታታና ብረቶቹን በጋለው የምድጃ ጠርዝ ላይ ደርድሮ ያደርቃቸው ነበር። ብረት እሳት አይፈራም ይል ነበር። እሱ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፤ ልማዱ ግን እኔ ጋ ቀረ።

ልጄ የገንዘብ መኪና አጃቢ ናት። ድርጅቱ የብረቶቹን ሽጉጦች ሰብስቦ ግማሽ አካላቸው ፕላስቲክ የሆኑትን ሲያድል፣ ጀሪካን ታጥቀሽ ልትወጪ ነው ብዬ ተንጨረጨርኩ።

"እማዬ፣ አሮጌው እኮ ወገቤን ቆረጠው። ይሄ ቀላል ነው፣ ደግሞ አይዝግም" ብላ ሳቀችብኝ።

አላመንኳትም። ትናንት በስብሳ ገብታ እንደወደቀች ተኛች። ዛሬ ጠዋት ሳትነሳ ጥይቱን አውጥቼ ሽጉጡን ፈታሁት፤ እንደ ባለቤቴ ምድጃው ጠርዝ ላይ አድርቄ ገጠምኩት። ረፍዶባት ስለነበር እኔን አምና ሳትፈትሸው ታጥቃ ወጣች።

ምድጃውን ስወለውል ጠርዙ ላይ ጥቁር ነገር ተጣብቆ አገኘሁ። በጥፍሬ ፋቅኩት። ፕላስቲክ ነው። የሽጉጡን የላይኛውን ብረት ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ የሚጠመጠምባት ቀጭን ዘንግ በአሮጌው ሽጉጥ ከብረት የተሠራች ነበረች፤ በዚህኛው ግን ፕላስቲክ ናት። ስመልሳት እንቢ ብላኝ በጉልበት እንደገፋኋት ያኔ ትዝ አለኝ።

ደወልኩ። አጃቢዎች ስልካቸውን ድርጅቱ በር ላይ ያስረክባሉ፤ ዝግ ነው። በነጠላ ጫማ ወደ ድርጅቱ ሮጥኩ። መንገዱን ሙሉ የሚታየኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዘራፊ ሲመጣ፣ ልጄ ምላጩን ስትስብ፣ ሽጉጡ ዝም ሲል።

ስደርስ የመኪናው ሞተር ተነስቷል። መሣሪያን ለሌላ ሰው ማስነካት ከሥራ እንደሚያስባርር ልጄ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ቤታችን ደግሞ ከእሷ ደሞዝ ሌላ የለውም። ከመስኮቱ አይታኝ ሂጂ በሚል በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ጥርሱ ታይቶ የማያውቀው አለቃዋ ከመኪናው አጠገብ ቆሟል።

"ሽጉጧ አይተኩስም" አልኩት። "የፈታሁት እኔ ነኝ።"

አስወረዳት። የሽጉጡን የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳበው፤ እዚያው ቀረ። ሁለት ጊዜ በመዳፉ መታው፤ አልተመለሰም።

"የሽጉጥ ቀበቶሽን ፍቺና አስረክቢ" አላት።

መኪናው ሌላ አጃቢ ጭኖ ሄደ። እኔና ልጄ በእግራችን ወደ ቤት አቀናን።

"አባዬ ቢሆን መጀመሪያ በእጁ ይዳስሰው ነበር" አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

ባዶ ወገቧን እያየሁ ተከተልኳት። የምንበላውን አላውቅም፤ እሷ ግን በሕይወት አለች፤ ከፊቴ በእግሯ እየሄደች ነው።