የእናቴ አውራ ጣት

አባቴ አርባ ዓመት ወርቅ ሲሠራ ኖሯል። ለእሱ ያላብለጨለጨ ወርቅ ወርቅ አይደለም። እኔ ደግሞ ሸካራውን፣ የመዶሻ ምት የሚታይበትን፣ እሳት ያጨማደደውን ነው የምወደው። ሥራዬን ባየ ቁጥር «ምነው፣ መኪና ሄዶበት ነው?» ይላል፤ ደንበኛ ፊት ሳይቀር። ስለዚህ የምሠራውን ለእሱ ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ግልጽ ነው።

እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንድ ቁራጭ ሰም በመዳፌ አሙቄ ወሰድኩላት። «አውራ ጣትሽን እዚህ ላይ ጫን አድርጊው» አልኳት።

«ምን ልታስፈርሚኝ ነው? ቤቱን እንዳይሆን ብቻ!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። ቢሆንም ጫነችው። ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላ የጣለባት ጠባሳ ሳይቀር። ከዚያ አባቴ የሠራላትን አምባር ከእጇ አወለቀች፤ ከስታ ስለነበር አላስቸገራትም። «ከዚህ ሥሪው» አለችኝ። በሳምንቱ ሞተች።

ሰሙን በጄሶ ለብጬ በእሳት አቀለጥኩት፤ በተወው ክፍተት የአምባሩን ወርቅ አቅልጬ ሞላሁበት። ደረት ላይ የሚሰካ ጌጥ ሆነ፤ ዙሪያው ሸካራ፣ መልኩ ደብዛዛ፣ መሐሉ ላይ የእሷ አሻራ። ሰሙ ያው ቀልጦ ቀረ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።

ሥራዬን የማሳይበት ኤግዚቢሽን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ጌጡን የሥራ ጠረጴዛችን ላይ ትቼ ለማሳያ ሣጥኑ መስታወት ላስቆርጥ ወጣሁ። ስመለስ አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጣቶቹ በመወልወያው ጠቁረው ቆሞ ይጠብቀኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ፊቱ እንዲህ ሲፈካ አላየሁም።

«ሳትጨርሺው ትተሽው ሄድሽ» አለኝ። «የእናትሽ ወርቅ እንደዚያ ደብዝዞ ሰው ፊት አይቀርብም ብዬ ሞርጄ ወለወልኩልሽ። መሐሉም ጎድጎድ ብሎ ተጨረማምቶ ነበር፤ እሱንም አስተካከልኩት።»

አነሳሁት። ሙልጭ ብሏል። እንከን አይወጣለትም፤ እንደ አባቴ የሚወለውል የለም።

«አባዬ፣ የእማዬ ጣት ነበር» አልኩት። «አሻራዋ ነበር እኮ። ራሷ ናት የጫነችው።»

መዳፌን ዘረጋሁለት። እሱ ጌጡን አየ፣ ጣቶቹን አየ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ።»

ይህን ስለው ጠላሁት፤ ራሴን ደግሞ ከእሱ ይበልጥ ጠላሁ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ሥር ከሞረድ የሚረግፈውን ብናኝ የምናጠራቅምበት ቆዳ ተወጥሯል። ወደ ጭኑ ሳበውና በትንሿ ብሩሽ እየጠረገ ብናኙን ነጭ ወረቀት ላይ ሰበሰበ። የቆዳውን እጥፋት ሁሉ ገልጦ ጠረገ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ይኸው፣ ሁሉም እዚህ አለ» አለኝ። «አንዲት ቅንጣት አልጠፋችም።»