የሰባቱ ጎጥ እሪታ

በዛች የአባቷን ዐይን ከከደነች በኋላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀመጠች። አባት የሞተባት ሴት እሪ ትላለች እንጂ እንዲህ አትታፈንም። እሷ ግን ፈራች። እሪ ብላ ማንም ባይመጣላትስ? የአባቷ ሬሳ እቤት ቢቀርስ?

ነገሩ የጀመረው በበሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌቦች የአንድ ድሃ በሬ ነድተው ወደ ወግዲ ቆላ ሲወርዱ፣ ከወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ጎጦች፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ እስላም፣ እሪታ ሰምተው አብረው ወጡ። በሬው ተመለሰ። የሁለቱም ቅሬ፣ ያ ሬሳ የሚያነሳው ማኅበር፣ አንድ ላይ ተሰብስቦ ቁርኣንም መስቀልም ይዞ ማለ፤ የአንዱ እሪታ የሌላውም ነው ተባለ።

ሦስተኛው ጎጥ «እኛስ?» ብሎ ገባ። አገሩ እየታመሰ፣ የመካነ ሰላም መንገድ በየጊዜው እየተዘጋ ሲሄድ ሌሎቹም ተከታተሉና ሰባት ሞሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ድሩ ሲሰፋ የራሱን ሰው እንደሚይዝ ግን ተራቹ አልነገረንም። ኅብረቱ ሊቀ መንበር መረጠ፣ ጠባቂ አቆመ፣ ማን ቤት ማን እንዳደረ መጠየቅ ጀመረ። በመጨረሻ ሕግ አወጣ፦ ታጣቂ ቤቱ ገብቶ እሪ ያላለ፣ ቅሬ አይወጣለትም፤ ሬሳውን ራሱ ይቅበር። በዛችም ከሰው ጋር እጇን አውጥታለች። ሰው የማይደርስበት የመሰለውን ሕግ ሲያጸድቅ እጁ ቀላል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ታጣቂዎች ቤቷ ገቡ። ከማን ወገን እንደሆኑ አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም። ውሃ ጠጡ፣ ያላትን ቂጣ በሉ። አንደኛው አልጋ ላይ የወደቁትን አባቷን፣ አያ ይሄነውን፣ «እግዜር ይማርዎ አባባ» አለና ጠመንጃውን ራስጌያቸው አስደገፈ። ትሕትናው ነው ይበልጥ ያስፈራት። ሲወጣ ዞር ብሎ፣ «እናቴ፣ መቼም ጩኸት አትወጂም» አላት።

እሪ ብትል የሰባት ጎጥ ወንድ በዱላና በአሮጌ ቆመህ ጠብቀኝ ጠመንጃ እየሮጠ ጥይት ውስጥ ይገባል፤ የመጀመሪያው ጥይት ደግሞ ለአባቷ ነው። ዝም አለች።

ጎረቤቷ ዋለ፣ የኅብረቱ ጠባቂ፣ ከድንች ማሳው ቀና ሲል ጀርባቸውን አይቶ ኖሯል።

«በዛች፣ እነማን ናቸው?»

«መንገደኞች።»

«እህ» አለና ዞረ። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠም።

ይኸው ዛሬ ረቡዕ ጠዋት አባቷ አረፉ። ብቻዋን ተሸክማ ቤተ ክርስቲያን አታደርሳቸው! ነጠላውን ከአፏ አወጣች፣ ደጅ ወጣች፣ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስባ ጮኸች።

«እሪ! ኡኡ! የሰው ያለህ!»

ከማዶ ውሻ ብቻ መለሰላት። ቆይቶ ግን ከየሸንተረሩ ሰው ፈለቀ። ደስ ሊላት ሲል የያዙትን አየች፦ ጠመንጃ፣ ገጀራ፣ መጥረቢያ። ለቀብር የሚመጣ ሰው ገጀራ አይዝም። ዋለ ተናግሯል፣ ሊቀጡኝ ነው አለች በልቧ።

ከፊት የሚሮጡት የኅብረቱ ሊቀ መንበር ሼህ ሷሊህ ናቸው፤ ኪታብ እያስቀሩ ልጅ የሚያስተምሩ ሽማግሌ፣ መጥረቢያ ይዘው፣ አንድ እግር ጫማቸው መንገድ ላይ ቀርቶ።

«የታሉ? በየት ገቡ?»

«ማ... ማን?»

«ታጣቂዎቹ ናቸዋ!»

«ሼሁ፣ አባቴ ናቸው። አባቴ አረፉ።»

ሼህ ሷሊህ መጥረቢያውን ጥለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ ከሆዳቸው። «ሞት ነው! ሞት ብቻ ነው!»

ከኋላቸው የመጣው ሰው ሁሉ «ተመስገን» አለ። ወዲያው ሁሉም የት ቆሞ ምን እንዳለ ገባውና አፉን ያዘ።

«አፉ በይኝ ልጄ» አሉ ሼሁ፣ እንባቸው መጥቶ። «አያ ይሄነው ወዳጄ ነበሩ። ፍርሃት ነው ያናገረኝ።»

በዛች ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። «ሼሁ፣ ቅዳሜ ቤቴ ገብተው ነበር። እሪ አላልኩም።»

ዋለ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሼሁ ሕዝቡን አዩ፣ እሷን አዩ።

«እኔም ቤት አርብ ገብተዋል» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ከጁምዓ ስመለስ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያን ሕግ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔም ዝም ብያለሁ።»

አንድም ሰው አልተቆጣ። ሁሉም የጎረቤቱን ዐይን ይሸሻል።

«አብሽሪ» አሏት ሼሁ ተነሥተው። «አባትሽን እንቀብራለን። በሉ፣ ዶማና አካፋ የያዛችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅደሙ።»

የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ከሰባት ጎጥ ከወጣው ወንድ ሁሉ ዶማ የያዘ አንድም አልነበረም።